ቃሬዛው የቆመበት ክረምት

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በሰኔ መባቻ፣ ከደካ ከተማ ወዲያ ባለው የቀርከሃ ጫካ ጥግ ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሣ ይረፍድ ነበር፤ ሰውም በየቤቱ ተከቶ ነበር። ዘመኑ የኮሮና ነበርና ሰላምታው በክርን፣ ለቅሶውም በሩቁ ሆነ። የመንደሩ እድር ዳኛ አቶ ወልደሥላሴ የአስቸኳይ ጊዜውን አዋጅ በሬዲዮ ሰምተው፣ ማንም ያላዘዛቸውን አንድ ደንብ ከራሳቸው ጨመሩ፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው በቃሬዛ የተሸከመ አባል በግ ይቀጣል አሉ።

በሚያዝያ የጎረቤታቸው የኃይለሚካኤል እናት በትኩሳት ሲወድቁ፣ ልጃቸው ቃሬዛው ይውጣልኝ ብሎ ደጅ ቆሞ ለምኖ ነበር። ወልደሥላሴ ከአጥራቸው ውስጥ ሆነው፣ «ለአንዲት አሮጊት ብዬ አገር አላስጨርስም» አሉት። ሴትዮዋ ከቤታቸው ሳይወጡ አረፉ።

አሁን ደግሞ የወልደሥላሴ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍሏ ፀደንያ፣ ራሴን ስትል አደረች፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ጮኸች።

«ዝጉት! ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ!»

ወልደሥላሴ ግቢው ውስጥ ቆመው ለጤና ጣቢያው ነርስ ለሚሊዮን ደወሉ።

«ያስላታል?» አላቸው።

«ኧረ አያስላትም። ታስመልሳለች እንጂ።»

«እስቲ አገጯን ደረቷ ላይ ታድርግ።»

«ትርንጎ!» ብለው ወደ ቤት ተጣሩ፤ «አንገቷን አስጎንብሻት!»

«እምቢ አለኝ!» አለች ሚስታቸው ከውስጥ። «እንደ ግንድ ደርቋል!»

«ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ይሄ ኮሮና አይመስለኝም። ማጅራት ገትር ነው የምፈራው፤ ጊዜ አይሰጥም። እኔ ጋ ብቻ አድርሱልኝ፤ የመጀመሪያውን መርፌ ወግቼ በአምቡላንስ ቦንጋ እልካታለሁ።»

«አምቡላንሱን ወዲህ ላክልኝ እንጂ!»

«በዚህ ጭቃ? ምነው፣ ሰው የለዎትም?»

ሰው እንዳይኖር ያደረጉት እሳቸው ነበሩ። ደንቡን ቢያፈርሱ የኃይለሚካኤል እናት ሞት ደጃቸው ሊመጣ ነው፤ ቢያጸኑት ልጃቸው ልትሄድ ነው። ያልፍላት ይሆናል እያሉ፣ ጉሙ ተገልጦ ከብት እስኪወጣ ድረስ ግቢውን ሲዞሩ ቆዩ፤ ኋላ ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች።

«ዳኝነትህን ቅበርና ልጄን አውጣልኝ!»

ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ ወጥተው በየደጁ ለመኑ። ጎረቤቶቻቸው ከየደጃፋቸው ራቅ ብለው ሰሟቸው።

«ዳኛ፣ ቅጣቱ ጠቦት ነው ሙክት?» አለ አንዱ። «እኔ ያለችኝ አንዲት አንካሳ በግ ናት።»

ጥቂቶች ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልገፋም።

«ያለኝን ከብት ሁሉ ንዱት» አሉ ወልደሥላሴ። «ልጄን ብቻ አንሡልኝ።»

ኃይለሚካኤል ሄዶ ቃሬዛውን ከተሰቀለበት አወረደ፤ በራስጌዋ በኩል ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ቁልቁለቱ እያንሸራተታቸው ደካ ጤና ጣቢያ ገቡ።

ሚሊዮን ልጅቷን በጀርባዋ አስተኝቶ አንገቷን ቀና ሲያደርግ ጉልበቶቿ በራሳቸው ታጠፉ፤ «የማጅራት ገትር ምልክቱ ይኸው ነው» አለ።

«እናቴም እንዲህ ነበረች» አለ ኃይለሚካኤል። «ውኃ ላጠጣት ቀና ባደረግኋት ቁጥር እግሯን ትሰበስብ ነበር።»

ሚሊዮን መርፌውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው፤ መልሶም ወደ ሥራው አቀረቀረ። ወልደሥላሴ ግድግዳውን ተደገፉ።

ቦንጋ ሆስፒታል ሐኪሙ ከወገቧ አከርካሪ ፈሳሽ ቀዳ፤ ኩልል ማለት የነበረበት እንደ ሩዝ ውኃ ደፍርሶ ወጣ። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ሲገባ ሰነበተ፤ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ አንገቷም ላላ። አንድ ከሰዓት ወልደሥላሴ ብርቱካን ይዘው ሲገቡ ፀደንያ በመስኮቱ ባጃጆቹን ታያለች።

«ፀዲዬ!»

አልዞረችም። ደግመው ጮኹ፤ የጎን አልጋ ሕመምተኛ ዞረ እንጂ እሷ አልዞረችም።

«ጠዋቱን ባመጣት ኖሮ ጆሮዋ ይተርፍ ነበር?» አሉ ሐኪሙን።

«ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ላይተርፍም ይችል ነበር። በዚህ በሽታ ያጋጥማል፤ እርግጡን ልነግርዎ አልችልም።»

ያን ዓመት አገሩ የኮሮና ዓመት ብሎ ያስታውሰዋል፤ ሬዲዮውም ማታ ማታ ሙታንን ይቆጥር ነበር። የኃይለሚካኤል እናት ግን ከማንም ቁጥር አልገቡም፤ የገደላቸውን የመረመረ የለምና። የፀደንያን ጆሮም የጻፈው የለም፤ ድናለች ተብሎ ተሸኝታለችና። የሁለቱ ሕመም አንድ ሳይሆን እንዳልቀረ የሚያውቁት በዚያ ጠዋት ጤና ጣቢያው ክፍል ውስጥ የነበሩት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሲገናኙ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ያወራሉ።