የአሥረኛው ጨዋታ ፈረስ

ይህ የደረሰው በኔ ላይ ነው። በወሬ የሰማሁት አይደለም። ቢሆንልኝ ኖሮ በሌላ ሰው ላይ ደረሰ ብዬ ባወራሁላችሁ ነበር... እፍረቱ ግን የኔው ነው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የምሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ክፍል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለአስፈሪ ታሪክ የሚሆን አንድም ነገር አልነበረም።

የሟቹ መምህሬ ሚስት፣ እትዬ የምላቸው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገቡ።

«እስቲ እየው ልጄ... ይሠራ እንደሆነ።»

ሳይፈቱት አወቅኩት።

የጋሽ ቆይ ማሽን ነበር።

መምህሬን ሁላችንም ጋሽ ቆይ ነበር የምንላቸው። ሻይ ቢቀርብላቸው እንኳ «ቆይ... ላስብበት» የሚሉ ሰው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የደከሙት በአንድ የቼዝ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከቼዝ በቀር ሌላ ምንም የማያውቅ፣ በየካሬው ትንሽ ቀይ መብራት ያለው ሰሌዳ። እንደ ሰው መርጦ ነበር የሚያስበው። ሦስት አራት እርምጃ ይመርጥና እነሱን ብቻ እስከ መጨረሻው ይከተላል። የቀረውን ዞር ብሎም አያየው።

እኔ የሠራሁት ደግሞ ሁሉንም ይፈትሻል። የሞኝም ይሁን የብልህ፣ አንድም እርምጃ አያስቀርም። ጋሼ «ምነው፣ ቁልፍ ጠፍቶበታል እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ከሁለቱ አንዱን ሊያመርት አሰበና አሥር ጨዋታ ይጋጠሙ ተባለ። ማሽኖቹ እጅ የላቸውም። አንዱ በመብራት ያሳየውን እርምጃ በሌላው ሰሌዳ ላይ ካሬውን ተጭኖ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። የጋሼን ዓይን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

ከዘጠኝ ጨዋታ በኋላ እኩል ነበርን።

በአሥረኛው... የኔ ማሽን ፈረሱን አንቀሳቀሰ። ለጋሼ ትክክለኛውን አነበብኩላቸው። በማሽናቸው ላይ ግን በጠቋሚ ጣቴ ሌላ ካሬ ተጫንኩ።

ለምን? እንዳልበለጥ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ማሽናቸው እዚያ ያልነበረውን ፈረስ ሊመክት ሄዶ ንግሥቱን አሳልፎ ሰጠ።

«ቆይ...» አሉ ጋሼ። «የኔ ማሽን ይህን አይጫወትም።»

«ተጫወተ እኮ ጋሼ። ሳያየው ያለፈው እርምጃ አለ ማለት ነው።»

ዓይን ያወጣ ውሸት፣ ዓይኑ ለማያይ ሰው።

ዘዴያቸው ከሥሩ ስህተት ነው ብለው አመኑ። የኔ ተመረተ። እሳቸው ዓመት ሳይሞላ ሞቱ።

እና ያን ቅዳሜ ጨርቁን ፈታሁት። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። ገመድ አልሰካሁም።

መብራቱ በራ።

ሰሌዳው ላይ አንድም ጠጠር የለም... አንድ ካሬ ግን ብልጭ ድርግም ይላል። በአሥረኛው ጨዋታ በውሸት የተጫንኩት ካሬ።

እሱ ጠፋና ሌላ በራ። ፈረሱ በእውነት የሄደበት።

ማሽኖቹ እንዲህ የሚያሳዩት በስህተት የገባ እርምጃ ሲታረም ነው። ያንን ስህተት ግን ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።



«ምን ይላል?» አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው... ልነግራቸው ነበር።

«ሊሞት ሲል ደብተሮቹን ሁሉ አቃጥያቸው አለኝ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት የጻፈውን። ሰው እንዳያሳስት ብሎ። በገዛ እጄ አቃጠልኩት... ልክ አደረግኩ አይደል፣ ልጄ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ልክ አድርገዋል፣ እትዬ» አልኩ። «ማሽኑም ተበላሽቷል።»

መብራቱ ጠፋ።

እፎይ ልል ስል... ከጥጉ ካሬ ተነሣ። አንድ... ሁለት... ሦስት... አንዱን ሳይዘል በየተራ እያበራ መጣ። የጋሽ ቆይ ማሽን እንዲህ ፈልጎ አያውቅም። አሁን ግን የሆነ ነገር ጠፍቶበት ሁሉንም ይፈትሽ ነበር።

ስልሳ አራተኛው በርቶ ጠፋ። ሰሌዳው አለቀ።



«ልጄ...» አሉ እትዬ በቀስታ። «ጣትህን ምን ነካው?»

ቀኝ እጄ ከሰሌዳው ርቆ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከጠቋሚ ጣቴ ጥፍር ሥር፣ ሥጋው ውስጥ፣ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

ቶሎ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በኪሴ ጨርቅም አልፎ ይታይ ነበር። እትዬ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከኪሴ ላይ አላነሡም።