ለሁሉም ተጫራቾች የተላከ መልስ

ከእርሱ ጋር የተገናኘነው ደረጃ ላይ ነው፤ እርሱ ሽቅብ ሲወጣ፣ እኔ ቁልቁል ስወርድ፣ በመካከላችን አንድ ካርቶን ሳሙና ተዘርግፎ።

ያን ቀን ጠዋት አቅራቢዎቻችንን በአዲሱ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ላይ ላሠለጥን አዳራሹን አሰናድቼ፣ የጎደለ ወንበር ላመጣ እየቸኮልኩ ነበር። የካርቶኑ ታች እርጥበት ነክቶት ኖሮ ተቀደደ፤ ቢጫዎቹ ሳሙናዎች ደረጃ በደረጃ እየዘለሉ እስከ መግቢያው በር ወረዱ። ዘበኛው እግሩን አነሣላቸው።

«ይቅርታ፣ እኅቴ! አልመታሽም አይደል?»

«አልመታኝም» አልኩ፤ ጎንበስ ብዬ እየለቀምኩ። «ግን ምነው ሳሙና ይዘው መጡ? ማስታወቂያው ላይ ዕቃ ማምጣት አያስፈልግም ብለን ነበር እኮ።»

«እኔም ለእናቴ ያንኑ አነበብኩላት። ‹ኮምፒውተር ያሸታል?› አለችኝ። አያሸትም አልኳት። ‹እንግዲያው ተሸከም!› አለችኝ።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። እርሱም ቀና ብሎ አየኝ። ሁለታችንም አንድ ሳሙና ይዘን ነበር፤ ማናችንም ቀድመን አለቀቅንም።

«ደግሞ ‹እርስዎ› አትበዪኝ» አለ በመጨረሻ። «ደረጃ ላይ ተንበርክኮ ሳሙና የሚለቅም ሰው አንተ ነው የሚባለው።»

የምሠራበት ድርጅት በከተማዋ ልዩ ልዩ ሰፈሮች የቤት ዕቃና ሸቀጣሸቀጥ የሚሸጡ መደብሮች አሉት። እኔ ከመምጣቴ በፊት ግዥው ሁሉ በኃላፊያችን ሁለት ስልኮች ውስጥ ይኖር ነበር። ሠራተኛው ኃላፊውን «ጋሼ ስልክ» ይላቸዋል፤ አንዱን ጆሮ ለሳሙና ነጋዴ፣ ሌላውን ለመጥረጊያ ሠሪ ሰጥተው ከሁለቱም ጋር ይከራከራሉ። እጃቸው ንጹሕ ነው፤ በዚህ ማንም አያማቸውም። ነገር ግን ቁጥሩ ስልካቸው ውስጥ የሌለ ሰው፣ ምርቱ ወርቅ ቢሆን እንኳ መደርደሪያችን ላይ አይደርስም። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነበር። ማንኛውም አምራች፣ ማንንም ሳያውቅ፣ ሥራው ብቻ ተናግሮለት የሚገባበት በር እንዲከፈት እፈልግ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ሰውን በድምፁ አውቃለሁ» ይሉኝ ነበር ጋሼ። «ውሸታም ሲያወራ ስልኩ ራሱ ይሞቃል።»

«ያልደወለውንስ ሰው በምን ያውቁታል?»

«እሱን እንግዲህ ማሽንሽ ይወቀው» አሉኝ። ፈቃዳቸውን የሰጡኝ በዚህች ቃል ነው። ድርጅቱም ሥርዓቱን በአንድ ጨረታ እንድሞክረው ተስማማ፤ የልብስና የእጅ ሳሙና ግዥ ተመረጠ። እርሱ ከሰመረ ሁሉም ግዥ በሥርዓቱ ይሆናል፤ ካልሰመረ ወደ ሁለቱ ስልኮች እንመለሳለን።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። ተጫራቾች በጽሑፍ ስለሚጠይቁበት የሥርዓቱ የጥያቄ ሳጥን ሳስረዳ የሳሙና ሠሪዋ ልጅ ገና ደረጃው ላይ ሳሙናውን ይሰበስብ ነበር። ሲገባ የይለፍ ቃል መፍጠር ላይ ደርሰን ነበር፤ ወዲያው እጁን አወጣ።

«ሥርዓቱ ‹ደካማ ነው› ይለኛል» አለ። «ገና ሳንተዋወቅ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሲበርድ ግን ረጋ ብሎ ጠየቀ፦ «ሥርዓቱ ዋጋ ያወዳድራል፤ ጥሩ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀልጦ የሚያልቀውና እድፍ የሚያስለቅቀው ሳሙና ግን ፎቷቸው አንድ ነው። ማን ይለያቸዋል?»

«ይህን አላሰብንበትም» አልኩ በግልጽ። ከሥልጠናው በኋላ ግን ከጋሼ ጋር ተቀምጠን በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርን፦ ተጫራቹ ሁሉ ስም የሌለበት ናሙና ያስገባል፤ ከየመደብሩ የተመረጡ ሠራተኞች በልብስ ሳሙናው አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ በእጅ ሳሙናው እጃቸውን ያጥባሉ፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ነጥቡ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ጨረታው እስኪወጣ ድረስ እርሱ ከቢሯችን አልጠፋም። የመጣው ግን ለራሱ አልነበረም። ኮምፒውተር የማያውቁትን መጥረጊያ ሠሪዎችና ሻማ አምራቾች እያስከተለ መጥቶ ይመዘግባቸው ነበር። አንድ ቀን ከእናቱ ጋር የሚፎካከረውን ሳሙና አምራች ይዞ መጣ።

«ተቀናቃኛችሁን እኮ ነው የመዘገብከው!» አልኩት ሰውዬው እንደወጣ።

«እናቴ እንዳትሰማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብቻዬን ሮጬ አንደኛ ብወጣ ምኑ ያኮራል?»

ይህን ሲናገር ዓይኑ ማያ ገጹ ላይ ነበር፤ የእኔ ግን እርሱ ላይ። በዚያች ቅጽበት ልቤ ምን እንደወሰነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ጨረታው በሚወጣበት ዋዜማ ከቢሮ አብረን ወጣን። መንገዱ መሐል ላይ ቆምኩ።

«ከነገ ጀምሮ አሸናፊው እስኪገለጽ አንነጋገርም።»

«ሰላምታስ?»

«ሰላምታም።»

«ፈገግታ?»

አሰብኩ። «ደንቡ ላይ የለም።»

«ስለዚህ ተፈቅዷል!»

«ያልተጠቀሰ ነገር ሁሉ ተፈቅዷል ማለት አይደለም» አልኩ ኮስተር ለማለት እየሞከርኩ። «ጥያቄ ካለህ በጥያቄ ሳጥኑ ላክ። ቃል ግባ።»

ቃል ገባ፤ አከበረውም። በማግስቱ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ስንገጣጠም ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ አንድ ጫማ ቤት መስታወት ዞሮ፣ ባለ ተረከዝ የሴት ጫማዎችን እንደ ሊቅ ይመረምር ጀመር። እስከ ቢሮ ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድኩ።

በሳጥኑ የሚመጣ ጥያቄ የላኪው ስም አይታይበትም። የእርሱን ግን ከሩቅ አውቀው ነበር። «ሳሙናው ልብሱን ሲያጸዳ የሚያጥበው ሰው እጅ እንዳይሻክር ታስቦበታል ወይ?» ይላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ይጠይቃል? በደንቡ መሠረት፣ በጥንቃቄ መለስኩ። ነገር ግን ጠዋት ቢሮ ስገባ ኮቴን ሳላወልቅ ሳጥኑን መክፈት ጀመርኩ። ከዚያም አንድ ቀን፣ የእርሱን መልስ ቃል በቃል ሳሳምር የሌላ ተጫራች ጥያቄ ሳይመለስ ውሎ እንዳደረ አየሁ።

ደነገጥኩ። ለማንም ያላደላሁት በማሽኑ ስለተማመንኩ ነበር፤ ማሽኑን የምትነካው ጣት ግን የእኔ ናት። ወደ ጋሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የሳሙናውን ጨረታ ይረከቡኝ።»

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«አይደለም። የጥቅም ግጭት አለብኝ።»

«ከተጫራቾቹ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ተበድረሻል?»

«ኧረ ጋሼ!»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ፣ ጥቅሙ ገብቶኛል» አሉ በመጨረሻ። «ግጭቱ የቱ ጋ ነው?»

ፊቴ ቢነድም አስረዳኋቸው፦ የምወደው ሰው ቢያሸንፍ ማንም ሥርዓቱን አያምነውም፤ ቢሸነፍም እኔ ራሴን አላምነውም። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ቀልዳቸውን ትተው ፈረሙልኝ።

እርሱ ይህን አያውቅም ነበር። ልነግረውም አልችልም፤ ቃል ያስገባሁት ራሴ ነኝ። የጋሼ መልሶች ደግሞ እንደ ስልክ ወሬያቸው ቁርጥ ያሉ ነበሩ። «አዎ።» «አይቻልም።» «ሰነዱን አንብቡ።» ከሥራቸው የሚታየው ያው «የግዥ ክፍል» የሚለው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ከእኔ የመጡ አድርጎ ወሰዳቸው።

ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንገጣጠም ጫማ ቤቱ ጋ አልቆመም። አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። ልጠራው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አንድ ቃል ባወጣ የደከምኩበት ሁሉ ይፈርሳል፤ ባላወጣ ደግሞ እርሱን አጣለሁ። ደንብ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ጨረታው ሊዘጋ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከማያ ገጻቸው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ቢመጣ ደንቡ ምን ይላል?»

«እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ ጥያቄውም መልሱም ለተጫራቾች ሁሉ ይላካል።»

«እያንዳንዱ?»

«እያንዳንዱ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ደንቡን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«እንግዲህ አንቺ ነሽ ያልሽው» አሉና በአንዲት ጣታቸው እየለቀሙ ይጽፉ ጀመር። ጨርሰው «ላክ» የሚለውን ሲጫኑ ጣታቸውን ከፍ አድርገው እንደ ማኅተም አሳረፉት።

ጥቂት ቆይቶ ከታች ከመጋዘኑ ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎ ከሒሳብ ክፍል። ዘበኛው እንኳ ደረጃውን ወጥቶ በበሩ አንገቱን አስግጎ አየኝና ሄደ። የጥያቄና መልሱ ገጽ ለማንም ክፍት ስለሆነ በስልኬ ከፈትኩት።

«ጥያቄ፦ ይህ ጥያቄ ሳሙናን አይመለከትም። ድሮ መልስሽ ሰው ሰው ይሸት ነበር፤ አሁን ደንብ ብቻ ሆነ። ምን አጠፋሁ? እናቴ አትስማኝ እንጂ ጨረታው ቢቀርብኝ አልሞትም። አንቺ ከቀረሽብኝ ግን እንጃ።»

«መልስ፦ ሰሞኑን መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። እኔ ወንድ ነኝ፤ የልጅ ልጆችም አሉኝ፤ ስለዚህ በዚህ ረገድ ተስፋ አይደረግብኝ። የተጠየቀችው ባለሙያ ይህን ጨረታ በገዛ ፈቃዷ ለቃለች። ምክንያቷም የጥቅም ግጭት ነው። ከተጫራቾች ጋር ዝምድናም ዕዳም የላትም። የቀረውን ምክንያት ጠያቂው ራሱ ይድረስበት። ለሌሎች ተጫራቾች፦ የናሙና ማስረከቢያው ቀን አልተለወጠም።»

«ጋሼ!»

«ምን ላድርግ ልጄ? ‹እያንዳንዱ› አልሽኝ።»

ጠረጴዛው ሥር መግባት አማረኝ። ወዲያው ሌላ ጥያቄ ገባ፦ «ለሠርጉ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች በዚሁ ሥርዓት ይገዛሉ ወይ? እኛም መወዳደር እንፈልጋለን።» ጋሼ ጊዜ አላጠፉም፦ «ሰነዱን አንብቡ።»

በማግስቱ ጠዋት ጫማ ቤቱ ጋ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ ወደ መስታወቱ ነበር። አጠገቡ ቆምኩ፤ እኔም ወደ መስታወቱ። ከጫማዎቹ በላይ ዓይኖቻችን ተገናኙ። አንድም ቃል አልተናገርንም። ፈገግታ ደንቡ ላይ የለም።

ናሙናዎቹ መጋዘኑ ውስጥ በውኃ ተሞከሩ። እኔ ከውጭ ቆሜ የውኃውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ በበሩ ስንጥቅ የሚወጣው መዓዛ ተደበላልቆ የማን የማን እንደሆነ አይለይም። ውጤቱ ይፋ ሲሆን የልብስ ሳሙናውን ያሸነፈው፣ የሳሙና ሠሪዋ ልጅ በእጁ ያስመዘገበው ያ ተቀናቃኝ ሆነ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ቀጥሎ ግን የእጅ ሳሙናው ተነበበ፤ ያሸነፈችው እናቱ ነበረች። ጋሼ በስልክ የሚጠይቋት ሁልጊዜ የልብስ ሳሙና ስለነበር፣ የእጅ ሳሙና እንደምንገዛ እንኳ ያወቀችው ለሁሉም የወጣውን ማስታወቂያ ስታስነብብ ነው። የድርጅቱ አለቆችም ውጤቱን አይተው፣ ከእንግዲህ ግዥው ሁሉ በሥርዓቱ ይሁን አሉ። እኔም የሳሙናን ግዥ ለዘለቄታው ለጋሼ ተውኩላቸው።

ውል ለመፈረም እናቱ ራሷ መጣች፤ ድምፀ ጎርናና፣ እጀ ጠንካራ ሴት። ልጇ ከኋላዋ።

«የቷ ናት?» አለች ገና ከበሩ።

ቢሮው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ።

«ለመሆኑ ኮምፒውተርሽ ማሽተት ጀመረ?»

«አልጀመረም፣ እማማ። ሰዎች ናቸው ያሸተቱልዎት፤ ያውም የማን እንደሆነ ሳያውቁ።»

«የማን እንደሆነ ሳያውቁ...» ቃሉን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ አገላበጠችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ያን ሰውዬ ኮምፒውተር ያስተማርከው አንተ ነህ አሉ?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ...»

«እሱን ቤት እናወራዋለን። ይኼኛውን ግን እዚሁ ጨርስና ና። አላፊ አግዳሚው በኢንተርኔት ከሰማው በኋላ ምን ትደብቃለህ?»

እስከ ጆሮው ቀላ። ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ለሁሉም የሚጠቅመውን ጥያቄ ብቻ መርጠሽ የምትልኪ መስሎኝ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «የጥያቄ ሳጥኑን ስታስረጂ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ አይደል?»

«ሳሙና ትለቅም ነበር።»

«አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ጨረታው እኮ ተዘግቷል።»

«ይህም ሳሙናን አይመለከትም።»

ጋሼ በዚያ ቢሮ ታይቶ የማያውቅ ነገር አደረጉ፤ ሁለቱንም ስልኮቻቸውን ዘጉ።

«ጥያቄውም መልሱም ለሁሉም ይፋ እንደሚሆን ታውቃለህ?» አልኩት።

«አሁን አውቃለሁ» አለና ድምፁን ከፍ አደረገ፤ መጋዘኑ ድረስ እንዲሰማ። «ታገቢኛለሽ?»

ስንት የተዋበ መልስ በልቤ አልፏል! ዓይኑን ሳይ ግን ሁሉም ከበደኝና፣ ጋሼ እንደሚመልሱት፣ በአንድ ቃል መለስኩ።

«አዎ።»

እናቱ ስትስመኝ ጉንጬ ላይ የሳሙናዋ መዓዛ ቀረ። ከጭብጨባው መሐል ጋሼ አንዱን ስልካቸውን መልሰው ከፍተው ለባለቤታቸው ሲጮኹ ሰማሁ፦

«ሃሎ! አንቺ፣ ትሰሚያለሽ? አሸናፊው ተገለጸ!»