ጨው የነካው ማጥፊያ

ጊፍቲ የምታስታውሰው ቁርጥራጩን ብቻ ነው። ሲዋርድ በሚባል ሰፈር ሲኖሩ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ አባቷ ጎንፋ ነቀምት ላሉት እናቱ ስልክ ላይ «ያደታማ ሊያናግርሽ አይፈልግም፤ ረስቶሻል» ሲል ሰምታለች። አጎቷ ያደታ እዚያው አጠገቡ፣ ስልኩን ስጠኝ ብሎ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር።

አሁን ጎንፋ ቡርንስቪል በሚገኘው አፓርታማው ምንጣፍ ላይ፣ የስልኩን እጀታ እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። አስም ነበረበት። የድንገተኛ እርዳታ ቁጥሩ 911 ግን ምንም ጥሪ አልደረሰውም።

ለቅሶ ቤቱ ፈርዶ ጨርሷል። ያደታ የወንድሙን ሚስት ሜቲን በሰው ፊት፣ «የድሮውን መስመር ካንስል ያደረገችው እሷ ናት። የኢንተርኔት ይሻላል ብላ ይቺን ሣጥን አስገባች። በሣጥን ገደለችው» ሲል ወነጀላት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት እጇን አይጨብጥም።

መርማሪዋ ዳራርቱ ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከች። አዳፕተር ይሉታል፤ የቤቱን ስልክ ከኢንተርኔት የሚያገናኝ፣ ኤሌክትሪክ ካጣ ስልኩን ድዳ የሚያደርግ። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ሣጥኑ በተሰካበት ባለ ማጥፊያ ኤክስቴንሽን ላይ አብሮ የተሰካው የራስጌ ሰዓት ግን 12:00 እያለ ይብለጨለጫል። የወጥ ቤቱ ሰዓት ትክክል ነው።

«ያን ቀን ደውላችሁለት ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ከሥራ፣ ብሬክ ላይ» አለች ሜቲ። «ሳይጠራ ቮይስሜይል፣ የተቀዳው ድምፁ ጋ ገባ።»

«ሚ ቱ፤ የኔም እንዲሁ» አለች ጊፍቲ።

«እኔም በዚያው ሰዓት ደውያለሁ» አለ ያደታ። «ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም። ስመጣ ሞቶ አየሁት። ከበሩ አላለፍኩም።»

ዳራርቱ ሁሉንም አስቀመጠቻቸው። ኤክስቴንሽኑን አጠፋችና በሞባይሏ ድምፁን ከፍታ ወደ ቤቱ ስልክ ደወለች። አንዴም አልጠራም።

«ጎንፋ ነኝ። ቤት የለሁም፤ መልእክት ተዉልኝ።»

ጊፍቲ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች።

«አቶ ያደታ፣ የድሮው ስልክ ሰው ባይኖርም ይጠራል። እርስዎ የሚያውቁት እሱን ነው። ይህ ሲጠፋ አይጠራም። ስለዚህ እርስዎ አልደወሉም። የራስጌው ሰዓት የሚብለጨለጨው ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት ስለነበር ነው፤ የቤቱ ሁሉ መብራት ሄዶ እንዳይባል የወጥ ቤቱ ሰዓት አልተነካም። አንድ ሰው ኤክስቴንሽኑን አጥፍቶ፣ በኋላ መልሶ አብርቶታል። በእጁም አይደለም፣ በእግሩ ነው፤ ማጥፊያው ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው የበረዶ ማቅለጫ ጨው ደርቋል። እዚህ ቤት ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ቀድመው የመጡት እርስዎ ነዎት። ታዲያ ከበሩ ካላለፉ፣ የእርስዎ ቦት ጨው እዚህ ምን ይሠራል?»

ያደታ በር ላይ ወዳወለቀው ቦቱ ተመለከተ።

«ራሴ ስደውል እናቴ ድምፄን ሰምታ ትዘጋለች። አንዴ አገናኘኝ ብዬ ለመንኩት። ሲስቅብኝ አስሙ አፈነው። ስልኩን ሲያነሳ ማጥፊያውን ረገጥኩት። እጁን ዘረጋልኝ… ቆሜ አየሁት።»

ሜቲ ተነሥታ ኤክስቴንሽኑን አበራች።

«እናታችሁ አልተረዱም። መርዶውን አንተ ንገራቸው። ማን እንደገደለውም።»

«ትዘጋብኛለች።»

«በዚህ ቁጥር ሲደወል አይዘጉም። ጎንፋ ነው ብለው ያነሳሉ።»

የሣጥኑ መብራት ቀይ ሆነ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ያደታ ወደ ስልኩ እጁን ዘረጋ።

«እሺ» አለ፤ «እደውላለሁ።»