ንዋይ ሲበይድ

ንዋይ ብየዳ ሲጀምር የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል። ጎረቤቶቹ «ጀመረ ደግሞ» ይሉና ራዲዮናቸውን ያጠፋሉ። መበየጃውን ራሱ ነው የሠራው፤ ከተጣለ ትራንስፎርመር ሽቦ ፈትቶ፣ መልሶ ጠምጥሞ። ቀን ናዝሬት ማዘጋጃ ቤት ፋይል ሲያመላልስ ይውልና፣ ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ብረት ከብረት ያጣብቃል። ለማንም አይሸጥም፤ ደስ ስለሚለው ብቻ ነው። ቤቱ በወንበር፣ በአበባ ማስቀመጫና በልብስ መስቀያ ተሞልቷል። እናቱን ተሻለችን በየቀኑ አንዱ ያደናቅፋታል።

እሷ ግን አትቆጣም። ታላቅ ልጇ አብተው ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ከቀረ ወዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተረፈላት ልጅ ከግቢ እንዳይወጣ። ብረት የያዘ ልጅ መንገድ ላይ አይቆምም፤ መንገድ ላይ ያልቆመ ልጅ ደግሞ አይታፈስም። ይህንኑ ስታሰላስል ትውላለች፤ ማሰላሰሉ ራሱ ከልብስ አጠባው በላይ አድክሟታል።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቀይ ትራክተር በራቸው ላይ ቆመ። ተሻለች ልጄን ሊወስዱ መጡ ብላ ወጣች። ከላይ የወረደችው ግን ሱሪ የለበሰች፣ ራሷን በሻሽ ያሰረች፣ እጇን የሞተር ግራሶ የነካው ልጅ ናት። «አካም ጅርቱ፣ እማማ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ጎንበስ አለች። እልፍነሽ እንደምትባልና አዳሚ ቱሉ አጠገብ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ትራክተር ነጂ እንደሆነች ነገረቻት። ማዳበሪያ ልትጭን መጥታ የተሳቢው መጎተቻ ከከተማው መግቢያ ላይ ተሰብሮባታል። ጋራዡ ከሳምንት በኋላ ተመለሺ ብሏታል፤ ዝናቡ ደግሞ ሳምንት አይጠብቅም። እዚህ ግቢ በያጅ አለ ብለው ልከዋት ነው።

«በያጁ የታለ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ንዋይ።

ነጭ ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ ወንበር ነው የምትሠራው አሉኝ። ይኼ ሁለት ቶን ነው የሚጎትተው።»

«ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው እናቴ ናት» አለ። «ለሁለት ቶንሽ ከዚያ በላይ አልጠነቀቅም።»

ልጅቷ የተሰበረውን መጎተቻ አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠች። ተሻለች ልጇን ያየችበትን ዓይን አልወደደችውም።

ከብየዳ ብርሃን ዓይን የሚጠብቀው ጥቁር መስታወት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የበያጁ። ንዋይ ብረቱን ቀጥ አድርጋ እንድትይዝለት ነግሯት፣ ፊቷን እንድታዞርና ከቶ እንዳታይ አጥብቆ አስጠነቀቃት። ተሻለች ከወጥ ቤቱ በር ሆና ታያቸው ነበር። ልጅቷ መጀመሪያ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ብልጭታው ሲበረታ አንገቷ ቀስ እያለ ተመለሰ። ተሻለች «ተይ!» ለማለት ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ብየዳው አልቆ ነበር።

ማዳበሪያው ተጭኖ ሲያልቅ መሸ፤ በሰዓት እላፊ መንገድ አይወጣም። እልፍነሽ እነ ተሻለች ቤት ለማደር ተስማማች። እራት ላይ ዓይኗ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መሰላት። ወዲያው እንባዋ ይወርድ ጀመር፤ ቀጥሎ መግለጥም አቃታት።

የሰው ልጅ አሳወርን፣ አለች ተሻለች በልቧ፤ አባቷ ይመጣል፣ ይከሰናል፣ ልጄንም ይወስዱታል። ጥሬ ድንች ከትፋ በዓይኖቿ ላይ አስቀመጠችላት፣ በነጠላም አሰረችላት። ልጅቷ ግን አላማረረችም። «አይዞዎት እማማ» የምትለው እሷ ነበረች።

በማግስቱም ዓይኗ አልተገለጠም። ንዋይ ከመጋረጃው ወዲያ መጥቶ ቆመ፤ እናቱ እንዳይገባ ከልክላዋለች።

«እንዳታዪ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ ለምን አየሽ?»

በዓይኗ ላይ የታሰረውን ነጠላ አስተካከለች። «ስትሠራ ምን እንደምትመስል ላይ ብዬ ነው።»

«ምን መሰልኩሽ?»

«አልታየኸኝም። ብርሃኑ ብቻ ነበር።»

ከመጋረጃው ሥር የንዋይ እግር ይታያል። ከዚያ አልተነሣም። ተሻለች የያዘችውን ድንች መክተፍ ረስታ ቆማ ቀረች።

ዓይኗ ድኖ ሄደች። ነገር ግን በዚያ ክረምት የማኅበሩ ዕቃ ይሰበር ጀመር። አንድ ጊዜ ጓል የሚያደቅቅ የመከስከሻ ዲስክ ይዛ መጣች፤ ሌላ ጊዜ የተሳቢ መዝጊያ። አንድ ቀን ማረሻ አመጣች። ንዋይ ስብራቱን በጣቱ ዳብሶ ወደ ብርሃን አዞረው።

«ምን ሆኖ ተሰበረ?»

«ደንጊያ መታው።»

«ደንጊያው እጀታ ነበረው?» አለ። «የመዶሻ ምልክት እኮ አለበት።»

እልፍነሽ አንገቷን ደፋች፤ ጆሮዋ ቀላ። ንዋይ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ትቶ ያያት ጀመር። ተሻለችም ወጥ ቤት ውስጥ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። በእሷ ቤት ደስታ ብቻውን ገብቶ አያውቅም።

እንደ ፈራችውም ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገሠሠ መጣ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠይቆ፣ ቀስ ብሎ ነገራት። ለብሔራዊ ውትድርና የሚጠሩት ከመስቀል በኋላ ነው። ንዋይ ዕድሜው ደርሷል። ወንድሙ ዘምቷል ቢባልም አይሰማም።

እልፍነሽ ይህን ስትሰማ ከማኅበሯ መላ ይዛ መጣች። የማኅበሩ ሰብሳቢ መርዳሳ በያጅ ይፈልጋል፤ ለትራክተር የሚያስፈልግ ባለሙያ እስካሁን ከማኅበሩ አልተወሰደም። ንዋይ ከመስቀል በፊት እዚያ ገብቶ ይመዝገብ ነው የምትለው።

ተሻለች እንቢ አለች። እዚህ ቢወሰድ እንኳ ሲወሰድ አየዋለሁ፣ አለች፤ እዚያ ግን ማን ይነግረኛል? ንዋይ እናቱን ጥሎ እንደማይሄድ ለእልፍነሽ ነግሮ መበየጃውን በጆንያ ሸፈነው። ከዚያ ወዲያ አጎንብሶ ይበላል፣ አጎንብሶ ይወጣል። ተሻለች ልጇን ግቢ ውስጥ አስቀርታው እያለ የጠፋባት መሰላት።

እልፍነሽ ልትሰናበት መጣች። ተሻለች ወጥ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች።

«አንድ ቃል ግቢልኝ» አለቻት። «እንደማይወስዱት።»

ልጅቷ እጆቿን ስታይ ቆየች። ከጥፍሯ ሥር ያለው ግራሶ በማንኛውም ሳሙና አይለቅም ነበር።

«አልገባም፣ እማማ» አለች በመጨረሻ። «በእጄ በሌለ ነገር ቃል አልገባም። ከመጡ ግን ቀድመው የሚያገኙት እኔን ነው።»

ስለ አብተው ቃል ያልገባላት ሰው አልነበረም። ሹሙ ገብቷል፣ ጎረቤት ገብቷል፣ ራሱ አብተውም ስሟት ሲወጣ ገብቷል። የማትችለውን አልችልም ብላ የነገረቻት ይህች ልጅ ብቻ ናት። ተሻለች ተነሥታ በሩን ከፈተች።

«ና ውጣ፣ ብረትህን ጫን» አለች ልጇን ጠርታ። «አንድ ወንበር ተውልኝ።»

ከበር ልትሸኛቸው ነበር ያሰበችው። ትራክተሩ ሲነሣ ግን እግሯ አብሮ ተነሣ። ትራክተር ቀስ ብሎ ስለሚሄድ አጠገቡ እየተራመደች የከተማው ጫፍ ደረሰች። «እማዬ፣ ተመለሺ» አላት ንዋይ ከተሳቢው ላይ። «እስከ ሞጆ ብቻ፤ ከዚያ በአውቶቡስ እመለሳለሁ» አለችና እጇን ዘረጋች፤ ስቦ አወጣት። መበየጃው ጎን ተቀመጠች።

ሞጆ መግቢያ ኬላ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጠመንጃ ያነገተው ጠባቂ የማኅበሩን ደብዳቤ አገላበጠ፤ ከዚያ ንዋይን ትክ ብሎ አየው።

«ይኼ ወጣት ማነው?»

ተሻለች መበየጃውን በእጇ ጨበጠች። እልፍነሽ ከመሪው ላይ ዞር ብላ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ መለሰች።

«ባሌ ነው።»

ሽማግሌ አልተላከም፣ ቀን አልተቆረጠም። ንዋይ ቀና ብሎ አያት፤ እሷ አላየችውም።

ጠባቂው ወደ ተሻለች ዞረ። «እውነት ነው፣ እናቴ?»

ዕድሜዋን ሙሉ ለክፉ ነገር መልስ ስታዘጋጅ ኖራለች። ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም ነበር።

«እውነት ነው» አለች። «ምራቴ ናት።»

ገመዱ ወረደ። ትራክተሩ እያጓራ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሲያልፍ ሦስቱም ወደ ኋላ አላዩም። ንዋይ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ መናኸሪያውን አለፍነው እኮ።»

«አይቻለሁ» አለች፤ ነጠላዋንም አጣፋች።