ከላይ የታየችው ነጭ መኪና

ሽሪፓድ ጎካሌ የሞቱት በፑኔ፣ ክረምቱ በከበደበት ሰሞን፣ በገዛ ሕንፃቸው ጓሮ ነው። ጠባቂው ናምዴቭ ሲያገኛቸው ደረታቸው ተደቁሶ ግንቡ ሥር ወድቀው ነበር። በዣንጥላቸው ጫፍ ላይ ነጭ የመኪና ቀለም ተጣብቋል።

ሐኪሙ ለኢንስፔክተር ምሩናል ጃግታፕ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወዲያው አልሞቱም፤ ቶሎ ቢደረስላቸው ይተርፉ ነበር» አላት።

በሕንፃው ሦስት ነጭ መኪኖች አሉ፦ የሟቹ፣ የልጃቸው የቴጃስና የጎረቤታቸው የሃርሻድ። ሦስቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ከፊት ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ናቸው። አባትና ልጅ መኪኖቻቸውን የሚያቆሙት ባለሁለት ደርብ የብረት ማቆሚያ ላይ ነው።

ሃርሻድ ከሟቹ ጋር በመኪና ቦታ ሲካሰስ የኖረ ሰው ነው።

«ተጣልተናል፣ አልክድም። ግን ሰው ለመኪና ማቆሚያ ይገደላል?»

«ተገድሎ አይቻለሁ» አለች ምሩናል። «የት ነበርክ?»

«ገበያ። ሚስቴ ስትከራከር እኔ መኪና ውስጥ ሳንጎላጅ ነበር። ይህን ማን ይመሰክርልኛል?»

ቴጃስ ዓይኖቹ በለቅሶ አብጠዋል። «የኔ ከላይ ነበረች። ጓሮው ውኃ ስለያዘ አባዬ ላይኛውን ለቀቀልኝ፤ የሱን ከታች አቆመ። ኋላ ወድቆ ሲገኝ ሐኪም ላመጣ ስል ነው ያወረድኳት።»

ናምዴቭም አረጋገጠ። «እሳቸውን ከማግኘቴ በፊት ነጭ መኪና ከላይ አይቻለሁ፣ እትዬ።»

«የታችኛውንስ?»

«እሱን ከዋናው በር ሆኜ ሳይ የማቆሚያው የፊት ቆርቆሮ ይጋርድብኛል። የላይኛዋም ብትሆን ፊቷ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ምሩናል ሜትር አስመጥታ ማቆሚያውንና መኪኖቹን በዝናቡ ውስጥ ስትለካ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ባለቤታቸው ኩሙዲኒ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠዋል።

«ቴጃስ፣ አባትህ መኪና ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት። ትንሽና ትልቅ መኪና የሚለዩት በምን ነበር?»

«በርዝመት። ከአራት ሜትር ካላለፈች ትንሽ ናት፣ ቀረጧም ይቀላል። ካለፈች መልኳ ቢመሳሰልም ከሌላ ወገን ናት ይል ነበር። ትልቋን በመግዛቴም ተቀይሞኝ...»

«የላይኛው ደርብ የተሠራው ለትንሿ ነው» አለች። «ከኋላው ግንብ አለ፤ ያንተ መኪና አትገባበትም። ስለዚህ ናምዴቭ ያያት የአባትህ ናት። ያንተ ከታች በቆርቆሮው ተከልላ ብትወጣ ማንም አያያትም። የጓሮው በር ደግሞ ጠባቂ የለውም። ሃርሻድ ቢሆን ኖሮ፣ አንተ ስለ መኪናህ ለምን ትዋሻለህ?»



«ከአባዬ ጋር ተጣልተን ነበር የወጣሁት» አለ ቴጃስ። «ትልቋን ወደ ኋላ ስነዳት ስለማያምነኝ ሁልጊዜ ከኋላ ቆሞ ይመራኛል። የዛን ዕለትም ተከትሎኝ ወርዷል። በዣንጥላው ሲመታት ሰምቻለሁ፤ እልህ ይዞኝ አላቆምኩም። ስወርድ ግንቡ ሥር ነበር። እጁን ዘረጋልኝ። ፈራሁና ሄድኩ።»

«ነፍሱ ነበረች?» አሉ ኩሙዲኒ።

«ነበረች፣ እማዬ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከልጃቸው እጅ ላይ አላነሱም።

«እኔ እኮ እዚሁ ፎቅ ላይ ነበርኩ» አሉት። «አንዴ ብትጠራኝ ምን ነበረበት?»