ያልወጣችው ሳምራ

«ሳምራ፣ ተነሺ» አሉ ቲቸር ለይኩን።

የኮምፒውተር ላቡ ግድግዳ ላይ የሰርቨሩ መዝገብ በትልቁ በርቷል፤ ማን በየትኛው ኮምፒውተር ገባ፣ መቼ ወጣ። ከሳምራ ስም ጎን የመውጫው ቦታ ባዶ ነው። ሥሩ ደግሞ በእሷ ስም የተላከው፣ ጠዋት ተማሪዎቹን በሁሉም ስክሪን ላይ የጠበቃቸው መልእክት አለ፦ «ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አህያ ካያችሁ ሰላም በሏት፤ የአይናለም እናት ናት።» ክፍሉ ስቆ ስቆ ያቆመው አይናለም ፊቷን ዴስኩ ላይ ከደፋች በኋላ ነበር።

«እኔ አልጻፍኩም ቲቸር! ትናንት መብራት ሲጠፋ ወጥቻለሁ።»

«ማሽኑ ግን እስካሁን አልወጣችም ይላል።»

ዶርቃ የማሽኑን ጠባይ ታውቃለች። መብራት ሲጠፋ የሚጨልመው ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ በባትሪ ይሠራሉ። ተማሪው ግን ስክሪኑ ከጨለመ አበቃ ብሎ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ታክሲ ይሮጣል። ትናንት ዶርቃ ብቻዋን ቀርታ ሳለ መብራቱ መጣ። የሁሉም ስም እንደተከፈተ ነበር፤ የራሷም ጭምር። አይናለም በሒሳብ ስለበለጠቻት አንጀቷ አርሯል። በራሷ ስም መጻፍ ግን ፈራች። ተነሥታ የልብ ጓደኛዋ የሳምራ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እየጻፈችም ብቻዋን ሳቀች።

«ዶርቃ አይታኛለች!» አለች ሳምራ። «ንገሪያቸው እስቲ፣ ስወጣ ቻው አላልሽኝም?»

ቲቸር ወደ ዶርቃ ዞሩ። አዎ ካለች ቀጣዩን ጥያቄ ታውቀዋለች፦ ታዲያ ማን ቀረ? ቤቷ ኮምፒውተር የሌላት ሳምራ ለቅዳሜው የኮምፒውተር ውድድር እዚህ ላቡ ውስጥ ስትለፋ መክረሟንም ታውቃለች።

«እኔ... አላስተዋልኩም ቲቸር» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ሳምራ ዶርቃን አየቻት። ማን እንደጻፈው ያኔ ገባት።

«ላቡም ውድድሩም ቀርቶብሻል» አሉ ቲቸር፣ ኮምፒውተራቸው ላይ አንድ ትእዛዝ ጽፈው። ስሟ ከግድግዳው ላይ ጠፋ።

«አሁን ወጣሽ!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ሳምራ ደብተሮቿን መሰብሰብ ጀመረች። አይናለም ዓይኗ እንዳበጠ ወደ ዶርቃ መጣች።

«ጓደኛሽ ሆና እንኳ አልዋሸሽላትም» አለቻት ቀስ ብላ። «አመሰግናለሁ፣ እሺ? አጠገብሽ ልቀመጥ?»

ዶርቃ አፈረች። ሳምራ ገና በሩ ጋ ነች። አንድ ቃል ብትናገር ትሰማታለች።

በሩ ተዘጋ። ዶርቃ አጠገቧ ያለውን የሳምራን ባዶ ወንበር ሳበች።

«ቁጭ በይ» አለቻት።