መጣ! አመለጠኝ!

ሽማግሌው ከብረት አልጋቸው ሥር በጎናቸው ወድቀው፣ የግንባራቸው ደም ደርቆ ተገኙ። የክፍላቸው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ሁለት ነገር አልደርቅ አለ፦ የትልቋ ልጃቸው ዕንባና የልጅ ልጃቸው ፍራሽ።

መርማሪዋ ስትደርስ ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የነገሯትን ሁሉ ነፍታ ገለባውን ፊታቸው ላይ ስለምትበትነው ነው። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ጫማዋ የሚጮህ ሴት ናት። በሩ አጠገብ የተቀመጠች ትንሽ ሻንጣ ዓይኗ ገባች።

«ማን ሊሄድ ነው?»

«ልጄ» አለች የሟች ትልቋ ልጅ። ዳቦ ቤት የሌሊት ተረኛ ናት፤ አባቷ የሞቱ ሌሊትም ሥራ ላይ ነበረች። «አምስት ዓመቱ ነው። አልጋ ላይ መሽናት ከተወ ቆይቶ ነበር፤ አባባ ከሞተ ወዲህ ግን በየሌሊቱ ሆነ። እህቴ ነገ ወደ ሌላ ከተማ ይዛው ልትሄድ ነው። እኔ ከጉያዬ እንዲወጣ አልፈልግም፤ ግን ምን ላድርግ? ምን ሆንክ ስለው ትንፍሽ አይልም።»

«ምን ይጠየቃል?» አለ ሾፌር ወንድሟ። «ሽንታም ሆነ፣ አለቀ! ማታ ማታ ውሃ ከልክሉት ብያለሁ።»

«አንተ ያን ሌሊት የሰማኸው ነገር አለ?»

«አለ እንጂ! ልጁ ‹መጣ! መጣ!› ብሎ ጮኸ። ከዚያ ‹አመለጠ› ምናምን አለ። ሌባ ነዋ! መጣ፣ አባባን ገደለ፣ በመስኮት አመለጠ።»

«ተነስተህ አየህ?»

ሾፌሩ ጆሮውን አከከ። «ሕልም መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ።»

ጀግና!

ወንፊት መስኮቱን አየችው። ደፉ ላይ አበባ የተተከለባቸው ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ አንዱም አልተነቃነቀም፤ አቧራው እንኳ እንዳለ ነው። «ሌባው ቢራቢሮ ነበር እንዴ?» ብላ ለራሷ አጉረመረመች።

ታናሽ እህትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የልጁን ሱሪ ታሳጥራለች። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሰምቶ የማያምን ሰው ጥቂት ነው። ወንፊት ከጥቂቶቹ አንዷ ናት።

«ያን ሌሊት ከአልጋዬ አልተነሳሁም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ልጁን ለምን ትወስጂዋለሽ?»

«ያሳዝነኛላ። እዚህ ሲሰድቡት ይውላሉ። የዚህን ቤት ሽንት ቤት ፈርቶታል እኮ፤ ጭራቅ አለበት ብሎ አምኗል፣ የኔ ጌታ። ቦታ ቢቀይር ይተወው ይሆናል።»

ወንፊት ወደ ግቢ ወጥታ ልጁ አጠገብ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

«ይሄ የማን ፍራሽ ነው?»

«የድመቷ።»

«ድመቷ ይሄን ሁሉ ብቻዋን?»

ልጁ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን ያዘ።

«ታዲያ ሽንቷ ሲመጣ ለምን ሽንት ቤት አትሄድም?»

ዙሪያውን ተገላምጦ ጆሮዋ ሥር ገባ። «ሄዳ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ‹መጣ! መጣ!› አለች። ውስጥ ያለው ግን፣ ‹ጭራቅ ነኝ፣ ሂድ! ለሰው ብትናገር እናትህን እበላታለሁ› አላት። ከዚያ… አመለጣት።»

«ለማን ነገረች?»

«ለማንም! ላንቺ ብቻ። ድመቷ ናት እንጂ እኔ አልነገርኩሽም፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ወንፊት። ልጁን ጎረቤት አደራ ሰጥታ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሌባ የለም» ብላ ጀመረች። «በዚያ መስኮት ሰው ቢያልፍ ጣሳዎቹ ይረግፉ ነበር። መስኮቱን የከፈተው ከውስጥ ያለ ሰው ነው።»

«‹መጣ› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» አለ ሾፌሩ።

«የመጣው ሽንቱ ነው። ያለውም ‹አመለጠ› ሳይሆን ‹አመለጠኝ› ነው። አንተ በእንቅልፍ ልብህ አንዲት ‹ኝ› ጣልክና ከዚያ ሌባ ፈለፈልክ። ልጁ ሽንት ቤት ሲሄድ አንድ ሰው ከውስጥ ቆልፎበት፣ ‹ጭራቅ ነኝ› ብሎ አባሮታል። እናቱ ዳቦ ቤት ነበረች፤ አረጋግጫለሁ። ሁለት ሰው ቀረ።»

«እኔ አይደለሁም!» አለ ሾፌሩ። «ደግሞ የምን ጭራቅ ነው?»

«አየህ፣ አንተ አልሰማህም። እናቱም አልሰማችም። እናቴን ያስበላብኛል ብሎ ላንዳችሁም አልተነፈሰም።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «አንቺ ታዲያ ስለ ጭራቁ ከማን ሰማሽ?»



«ሊያገባኝ ጠይቆ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የምወደው ሰው። አባባ ከበር መልሶት ኖሯል፤ ለእኔ ግን ‹ጥሎሽ ጠፋ› አለኝ። ስንት ዘመን ረገምኩት! ያን ማታ አባባ ራሱ እውነቱን ሲነግረኝ ገፋሁት… የአልጋው ብረት መታው። ደሙን እየታጠብኩ ሳለ ነው ልጁ በሩን የደበደበው። የምለው ጠፋኝ።»

«ልጄንስ?» አለች እናትየዋ። «ልጄን የት ልትወስጂብኝ ነበር?»

«እያደር ይናገራል ብዬ ፈራሁ።» ልብስ ሰፊዋ የወንፊትን እጅ ያዘች። «እባክዎ፣ እኔ መሆኔን አይወቅ። ይወደኛል።»

«አይሆንም። ማን እንደነበረ ካላወቀ ጭራቁ እዚያው በር ውስጥ እንዳለ ይኖራል። ራስሽ ትነግሪዋለሽ። እናንተም ሲያመልጠው እንዳትሰድቡት፤ ዛሬ ሰምቶ ነገ አይተውም። ውሃም አትከልክሉት። ሌሊት ሲነሳ አንድ ሰው እጁን ይዞ ይውሰደው።»

«እኔ እወስደዋለሁ» አለ ሾፌሩ ወለሉን እያየ።

ልጁ መጣ። አክስቱ ተንበረከከችለት።

«ማሙሽ፣ ጭራቅ የለም። በሩን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ።»

«እናቴን አትበያትም?»

«አልበላትም። ማንም አይበላትም።»

ልጁ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ቀጥሎ ግን ግንባሩን ቋጠረ።

«ታዲያ እያወቅሽኝ ለምን አልከፈትሽልኝም?»

ወንፊት ካቴናውን እጇ ላይ እንደያዘች ቆመች። አልቸኮለችም፤ ልጁ መልስ እየጠበቀ ነበር።